ሂሳቡን ማን ይክፈል? በአሜሪካ ልዩ የጤና ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ያሉት የክፍያ መንገዶች

አሜሪካ ያላችሁ ወጣቶች ይቺን ታውቋታላችሁ። ከሜዲኬይድ ወይም ከኢንሹራንስ ወፈር ያለ ፖስታ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚጠራው እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ነው። "እስቲ ና፣ ይቺን እይልኝ" ይባላል። ፖስታው የሚያወራው ስለ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ሕክምና ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሳይመለስ የቀረ አንድ ፎርም ቴራፒ ያስቆማል፣ የመድኃኒት ፈቃድ ያዘጋል፣ የሺህ ዶላሮች ቢል ያመጣል።

ስለዚህ ይቺን ሴቭ አድርጓት። ኦቲዝም፣ የሚጥል በሽታ፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ሲክል ሴል፣ የልብ ችግር፣ ታይፕ 1 ስኳር ወይም ሌላ ረጅም ክትትል የሚፈልግ ሕመም ላለበት ልጅ አሜሪካ ውስጥ ማን እንደሚከፍል በየተራ እናያለን። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሌላውን ብትረሱ እንኳን ይህን አትርሱ፦ "የቤተሰቡ ገቢ ከፍ ያለ ነው" ተብሎ የተመለሰ ማመልከቻ የመጨረሻ መልስ አይደለም። የወላጅን ትቶ የልጁን ገቢ ብቻ የሚያይ ሌላ በር በብዙ ስቴቶች አለ።

🔹 መጀመሪያ፦ "ልዩ የጤና ፍላጎት ያለው ልጅ" ማን ነው?

የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ትርጉም ሰፊ ነው። የቆየ የአካል፣ የእድገት፣ የባሕርይ ወይም የስሜት ችግር ኖሮበት፣ ከሌላው ልጅ የበለጠ የጤና አገልግሎት የሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ ይካተታል። ዊልቸር ላይ መሆን የግድ አይደለም። ከባድ አስም ያለበት ልጅም ሊገባ ይችላል።

በዚህ ትርጉም ከአሜሪካ 5 ልጆች 1 ያህሉ ልዩ የጤና ፍላጎት አለው። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ለሚጠጉት ሜዲኬይድ ወይም ቺፕ የሚባሉት የመንግሥት ኢንሹራንሶች ብቻቸውን ወይም ከግል ኢንሹራንስ ጋር ይከፍላሉ። ማለትም ሜዲኬይድ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ የቆመው በሱ ላይ ነው።

🔹 በር 1፦ የግል ኢንሹራንስ

ከሥራ የሚገኝ ወይም ከማርኬትፕሌስ የሚገዛ ኢንሹራንስ ማለት ነው። ብዙዎች ኦባማኬር የሚሉት የ2010 ሕግ ሦስት ትላልቅ ነገሮችን ቀይሯል፦

▪️ ልጁ ከዚህ በፊት ታሞ ስለነበር ብቻ ኢንሹራንስ መከልከል ቀርቷል።
▪️ በዋና ዋና የጤና አገልግሎቶች ላይ "በዕድሜ ዘመንህ ከዚህ ዶላር በላይ አንከፍልም" የሚል ጣሪያ ተነስቷል።
▪️ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ ኢንሹራንስ መቆየት ይችላል።

ችግሩ የግል ኢንሹራንስ የተሠራው በአብዛኛው ጤነኛ ለሆነ ሰው መሆኑ ነው። ቴራፒ በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ሊል ይችላል። ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ ለረጅም ጊዜ አይከፍልም። ኮፔይና ዲዳክቲብሉ ደግሞ በየወሩ ይጠራቀማል። ስለዚህ የግል ኢንሹራንስ ያለው ቤተሰብም ቀጣዮቹን በሮች ማንኳኳት አለበት። ልጁ ሁለቱም ካለው የግሉ ቀድሞ ይከፍላል፣ የቀረውን ሜዲኬይድ ይሸፍናል።

🔹 በር 2፦ በቤተሰብ ገቢ የሚገኝ ሜዲኬይድ እና ቺፕ

ሜዲኬይድ በ1965 ተጀመረ። ቺፕ ደግሞ በ1997 የመጣው ለሜዲኬይድ ገቢያቸው ትንሽ ለበለጠ፣ የግል ኢንሹራንስ ግን ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች ነው።

የገቢው ጣሪያ በየስቴቱ ይለያያል። በ2025 ለ4 ሰው ቤተሰብ የፌዴራሉ የድህነት መስመር 32,150 ዶላር ነበር። ቨርጂኒያ ልጆችን የምትቀበለው ከዚህ መስመር 2 እጥፍ ትንሽ በላይ ድረስ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ግን ከ3 እጥፍ በላይ ድረስ ይሄዳሉ። ድልድዩን ተሻግሮ ቤት መቀየር መልሱን ሊቀይረው ይችላል ማለት ነው።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ ለሚነዳ ወላጅ፦ የሚቆጠረው ደንበኛ የከፈለው ጠቅላላ ብር አይደለም፤ የሥራ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ነው። ብዙ ሰው ጠቅላላውን ሞልቶ ራሱን በራሱ ከመስመሩ በላይ ያወጣል። በዚህ በር የሚገባ ልጅ ላይ ባንክ ያለ ቁጠባ አይታይም።

👉 ኢፒኤስዲቲ፣ ማንም የማይነግራችሁ ፊደላት

በ1967 ሜዲኬይድ ውስጥ የገባው ይህ ሕግ ዕድሜያቸው ከ21 በታች ለሆኑ ልጆች ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ የፌዴራሉ ሕግ በሜዲኬይድ እንዲሸፈን ከሚፈቅዳቸው አገልግሎቶች ውስጥ ልጁ ለጤናው የሚያስፈልገውን ስቴቱ መክፈል አለበት፤ ለአዋቂ የማይከፍለው አገልግሎት ቢሆንም። ጥርስ፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የንግግርና የአካል ቴራፒ፣ ዊልቸር፣ የቤት ነርስ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ሐኪም መሄጃ ትራንስፖርትም ሜዲኬይድ ያቀርባል።

ስለዚህ "በዓመት የተፈቀደው ቴራፒ አልቋል" ሲባል ሐኪሙ ልጁ ተጨማሪ ለምን እንደሚያስፈልገው በደብዳቤ ከጻፈ "ይህ ልጅ ኢፒኤስዲቲ ይመለከተዋል" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ጥንቃቄ፦ ከሜዲኬይድ ተለይቶ በሚሠራ የቺፕ ፕሮግራም ውስጥ ላለ ልጅ ይህ መብት ላይኖር ይችላል። ካርዱ የየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

🔹 በር 3፦ የልጁን ገቢ ብቻ የሚያየው በር

ይህ በር የተከፈተው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ኬቲ ቤኬት በ1978 አይዋ ስቴት ተወለደች። በጥቂት ወሯ አንጎሏን ኢንፌክሽን አጠቃውና ለመተንፈስ ማሽን ያስፈልጋት ጀመር። ሐኪሞቿ ቤት ሆና መታከም ትችላለች አሉ፤ ወጪውም በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ግን ሆስፒታል እስካለች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍላል፣ ቤት ከገባች ደግሞ የወላጆቿ ገቢ ስለሚቆጠር ሜዲኬይዱ ይቋረጣል። ልጅቷ በወረቀት ምክንያት ሆስፒታል ታሰረች።

በኖቬምበር 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ጉዳዩን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አነሱት። ኬቲ በዚያው ዓመት ቤቷ ገባች። በ1982 ቴፍራ በሚባለው ሕግ ስቴቶች ሁሉ ይህን አሠራር መውሰድ እንዲችሉ ተፈቀደ። ኬቲ አድጋ፣ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት ኖራ በ2012 በ34 ዓመቷ አረፈች።

ዛሬ ይህ በር በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ "ኬቲ ቤኬት" ወይም "ቴፍራ" ይባላል። ሌላው "ዌቨር" ነው። ሁለቱም ልጁ ከባድ ክትትል እንደሚያስፈልገው መረጋገጥ አለበት ይላሉ፤ በነሱ ቋንቋ "የተቋም ደረጃ እንክብካቤ"። ይህ ቃል ወላጅን ያስደነግጣል። ልጁን ተቋም ይወስዱታል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሕጉ የወጣው ቤቱ እንዲያድግ ነው።

ሐበሻ በሚበዛባቸው አካባቢዎች እንዲህ ይመስላል፦

▪️ ዲሲ፦ ቴፍራ/ኬቲ ቤኬት አለ።
▪️ ሚኔሶታ፦ ቴፍራ አለ። ወላጆች በየወሩ ይከፍሉት የነበረው ክፍያ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ቀርቷል። ድሮ "ውድ ነው" ብሎ የተወው ቤተሰብ እንደገና ይጠይቅ።
▪️ ቨርጂኒያ፦ በዌቨር ነው የሚሠራው። ሲሲሲ ፕላስ የሚባለው ዌቨር የሕክምና ክትትል ለሚበዛባቸው ነው። ለእድገት ችግር የተለዩት ዌቨሮች ግን ወረፋ አላቸው፤ ወረፋው ደግሞ ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ይበልጥ ለቸገረው ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ የቤታችሁ ሁኔታ ሲከብድ ደውላችሁ አሳውቁ።
▪️ ሜሪላንድ፦ ሞዴል ዌቨር እና ኦቲዝም ዌቨር አሉ። የኦቲዝሙ ወረፋ ዓመታት ይፈጃል፤ ምርመራው እንደታወቀ መመዝገብ ነው።
▪️ ቴክሳስ፦ ገቢው እስከ ድህነት መስመሩ 3 እጥፍ የሆነ ቤተሰብ በወርሃዊ ክፍያ ለአካል ጉዳተኛ ልጁ ሜዲኬይድ የሚገዛበት ፕሮግራም አለ። ኤምዲሲፒ የሚባለው ዌቨር ደግሞ ረጅም ወረፋ አለው።
▪️ ኮሎራዶ፦ እንደ ቴክሳስ ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ሜዲኬይድ መግዣ መንገድ አለ።

⚠️ ዌቨር ስቴት አይሻገርም። ከቨርጂኒያ ወደ ዳላስ የሚሄድ ቤተሰብ የያዘውን ትቶ ወረፋ እንደ አዲስ ይጀምራል። "እዛ ቤት ርካሽ ነው" ከማለታችሁ በፊት ይህን ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

🔹 በር 4፦ ኤስኤስአይ

ይህ ኢንሹራንስ ሳይሆን ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣ ወርሃዊ ገንዘብ ነው። በ2026 የፌዴራሉ ከፍተኛ ክፍያ በወር 994 ዶላር ነው። ልጁ 18 እስኪሞላው የወላጅ ገቢና ቁጠባ ይቆጠራል።

በብዙ ስቴቶች ኤስኤስአይ ያገኘ ልጅ ሜዲኬይድ አብሮት ይመጣል። ቨርጂኒያና ሚኔሶታ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ለሜዲኬይድ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። "ኤስኤስአይ ስላገኘን ሜዲኬይዱ ይመጣል" ብሎ መጠበቅ ወራት ያስበላል።

🔹 በር 5፦ ኢንሹራንስ ያልሆኑ ግን የሚከፍሉ

▪️ አርሊ ኢንተርቬንሽን፦ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ወላጅ ራሱ ይደውላል። ምርመራው ነፃ ነው፤ ከተደወለበት ቀን ጀምሮ እቅዱ በ45 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። እኛ ጋ "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" የሚባል ነገር አለ። ምናልባት ልክ ይሆናል። ልክ ካልሆነ ግን በዚህ ምክንያት ያለፈው አንድ ዓመት ከ3ቱ ዓመት ላይ የተቀነሰ ነው።
▪️ ትምህርት ቤት፦ ከ3 ዓመት ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጁን በነፃ መርምሮ፣ ብቁ ከሆነ አይኢፒ በሚባል እቅድ ለመማር የሚያስፈልገውን ቴራፒ መስጠት አለበት።
▪️ ታይትል ፋይቭ፦ ከ1935 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ስቴት ከፌዴራል ከሚያገኘው የዚህ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶውን ልዩ የጤና ፍላጎት ላላቸው ልጆች ማዋል አለበት። አንዳንዱ ስቴት ክሊኒክ ያካሂዳል፣ አንዳንዱ ክፍያ ያግዛል፣ አንዳንዱ አስተባባሪ ሰው ይመድባል።

🔹 ዲቪ፣ ጥገኝነት፣ ዜግነት

እዚህ ላይ ወሬ ስለሚበዛ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

▪️ ልጁ አሜሪካ ተወልዶ ዜጋ ከሆነ የወላጅ ወረቀት የልጁን መብት አይወስነውም።
▪️ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ ለመጡ አዋቂዎች የ5 ዓመት ጥበቃ አለ። ልጆችን ግን በ2009 ሕግ መሠረት ስቴቶች ሳያስጠብቁ መቀበል ይችላሉ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ሚኔሶታ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት ይህን ወስደዋል። "5 ዓመት አልሞላንም" ብሎ ልጁን ይዞ መቀመጥ አያስፈልግም።
▪️ ዋሽንግተን ስቴትና ዲሲ ገቢያቸው ለሚፈቅድላቸው ልጆች የወረቀት ሁኔታ ሳያዩ የሚከፍሉበት ፕሮግራም አላቸው።
▪️ ኤስኤስአይ በግሪን ካርድ ባለቤቶች ላይ ከሜዲኬይድ በጣም ይጠብቃል። አንዱ ስለተከለከለ ሌላውም ይከለከላል ብላችሁ አትደምድሙ።
▪️ በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 1/2026 ጀምሮ ለስደተኞችና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች ሜዲኬይድን ያጠባል። ከላይ ያለው የልጆች አማራጭ ግን አልተሰረዘም።
▪️ "ሜዲኬይድ ከወሰድን ግሪን ካርድ ይከለክሉናል" የሚለውን በተመለከተ፣ በ2022ቱ ደንብ ልጅ የተጠቀመበት ሜዲኬይድ በወላጅ ላይ አይቆጠርም። ደንቡ በየአስተዳደሩ የሚነካካ ስለሆነ ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ቤተሰብ ከማመልከቱ በፊት ነፃ የሕግ አገልግሎት ይጠይቅ። ከቲክቶክ አይሁን።

🔹 "አይሆንም" ሲባልስ?

ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት ምክንያቱን ሳይሆን ቀኑን ነው።

1️⃣ የሜዲኬይድ ኢንሹራንስ ድርጅት አገልግሎት ከከለከለ፣ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለይግባኝ 60 ቀን አላችሁ። መዘግየቱ ለልጁ አደገኛ ከሆነ ሐኪሙ "አስቸኳይ" እንዲል ጠይቁ፤ መልሱ በ72 ሰዓት ውስጥ ይመጣል።
2️⃣ ልጁ እያገኘ ያለው አገልግሎት ሊቋረጥ ከሆነ ፍጠኑ። ብዙ ጊዜ ያላችሁ 10 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ይግባኝ ብላችሁ "አገልግሎቱ ይቀጥል" ካላችሁ ውሳኔ እስኪሰጥ ሊቀጥል ይችላል። ከተሸነፋችሁ ገንዘቡ ሊጠየቅ እንደሚችልም እወቁ።
3️⃣ ቀጥሎ ፌር ሂሪንግ አለ። ጠበቃ የግድ አይደለም፤ በስልክም ይካሄዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሐኪሙ የጻፈው፣ ያለዚህ አገልግሎት ልጁ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ደብዳቤ ነው።
4️⃣ የግል ኢንሹራንስ ከሆነ ለውስጥ ይግባኝ 180 ቀን አለ። እሱም ካልሆነ በ4 ወር ውስጥ ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሜዲኬይድ ወይም ቺፕ የገባ ልጅ በመሃል የቤተሰቡ ገቢ ቢጨምርም ለ12 ወር መቆየት አለበት። ብዙ ልጅ የሚወጣው በዓመቱ እድሳት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፖስታው የተላከው በድሮው አድራሻ ነው። ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ ከምትደውሉባቸው አንዱ ሜዲኬይድ ይሁን።

🔹 አስተርጓሚው እናንተ መሆን የለባችሁም

ከፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል፣ ክሊኒክና የሜዲኬይድ ቢሮ ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ክልክል ነው። የ13 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ ምርመራ ለእናቷ መንገር የለባትም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልክ ላይ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በቂ ነው።

18 ሞልቷችሁ መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ ወላጅ "ኦቶራይዝድ ሪፕሬዘንታቲቭ" የሚለውን ፎርም ይፈርምላችሁ። ከዚያ በኋላ በራሳችሁ ስም ደውላችሁ መከታተል ትችላላችሁ።

🔹 ጎፈንድሚ እና ዕቁብ፦ በደግነት የሚመጣ ችግር

ልጅ ሲታመም ማኅበረሰባችን ያዋጣል። እሰየው። ግን ለኤስኤስአይ ልጁ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ሊኖረው አይችልም። የወላጅም ቁጠባ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ይቆጠራል። በልጁ ስም የገባ የጎፈንድሚ ገንዘብ ወይም ደርሶ ባንክ ያደረ ዕቁብ ክፍያውን፣ አንዳንዴም አብሮት ያለውን ሜዲኬይድ ሊያስቆም ይችላል።

መፍትሔ አለ። ኤብል አካውንት የሚባለው የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ያለ ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። በዓመት የሚገባው መጠን ግን ገደብ አለው፤ በ2025 ገደቡ 19,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ከሆነ ስፔሻል ኒድስ ትረስት በሕግ ባለሙያ ይዘጋጃል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ አካውንቱ ይቅደም፣ መዋጮው ይከተል።

🔹 3፣ 18፣ 21፣ 26

እነዚህን ልደቶች ካላንደር ላይ አስገቡ። በ3 ዓመት አርሊ ኢንተርቬንሽን ያበቃና ትምህርት ቤት ይረከባል። በ18 ኤስኤስአይ በአዋቂ መመዘኛ እንደገና ይታያል፤ ግን ከዚያ በኋላ የወላጅ ገቢ አይቆጠርም። ድሮ በወላጅ ደመወዝ የተከለከለ ልጅ 18 ሲሞላው እንደገና ያመልክት። በ21 ኢፒኤስዲቲ ያበቃል። በ26 ከወላጅ ኢንሹራንስ ይወጣል፤ ራሱን ማስተዳደር የማይችል ልጅ ግን በአንዳንድ ኢንሹራንሶች እንዲቆይ ቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

🔹 ዛሬ ምን እናድርግ?

✅ የምርመራ ውጤት፣ አይኢፒ፣ የሐኪም ደብዳቤና የመጣ ፖስታ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ስልክ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ይግባ። ከፖስታውም ቀኑ ይታይ።
✅ በገቢ የተከለከለ ቤተሰብ ደውሎ "የወላጅን ገቢ የማይቆጥር ኬቲ ቤኬት ወይም ዌቨር አለ ወይ?" ብሎ በዚህ ቃል ይጠይቅ።
✅ ወረፋ ያለበት ፕሮግራም ላይ ዛሬ መመዝገብ። ተራ ሲደርስ አያስፈልገንም ማለት ይቻላል።
✅ በእያንዳንዱ ስቴት በዚሁ ያለፉ ወላጆች የሚሠሩበት ነፃ ማዕከል አለ። "ፋሚሊ ቱ ፋሚሊ ኸልዝ ኢንፎርሜሽን ሴንተር" ብላችሁ ከስቴታችሁ ስም ጋር ፈልጉ። በስልክ ደግሞ 211 ይረዳል።
✅ ያልተከፈለ የቅርብ ጊዜ ቢል ካለ ስታመለክቱ ጥቀሱት። ሜዲኬይድ በአብዛኛው እስከ 3 ወር ወደኋላ ይከፍላል፤ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ለልጆች ወደ 2 ወር ይወርዳል።

ብዙ ቤተሰብ ልጁን ቤት ይዞ ስለሚኖር ከቤተክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሰው እንኳን ላያውቀው ይችላል። እናንተ የምታውቁት አንድ ቤት ካለ ይቺን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ላኩለት። እንግሊዝኛ የሚከብደው ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋን ስልክ አብራችሁት ደውሉ።